የተቀደደው ጋውንና የቀበሌው ስኳር

አንዳርጋቸው ያንን ነጭ ጋውን ስንት ጊዜ እንደ ጠቀመው ራሱም አያውቀውም። የሚቀደደው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ከግራ ብብቱ ሥር። ይዛው የምትመጣውም ሁልጊዜ አንዲት ሴት ናት፤ በሆስፒታሉ ጽዳት የምትሠራው እታገኘሁ። ጎንደር አራዳ ላይ፣ ጣሊያን የሠራው የአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር፣ የስፌት መኪናውን ተክሎ ከተቀመጠበት ትመጣና ጋውኑን ጭኑ ላይ ጣል ታደርግለታለች።

«አያ አንዳርጋቸው፣ ይቺ ጉደኛ ደግሞ ተቀደደችብኝ።»

«ትቸኩላለች?»

«ምነው አትቸኩል!»

ከዚህ ሌላ አይነጋገሩም። እሱ የጀመረውን የካኪ ሱሪ አጥፎ ያስቀምጣል፤ መኪናውን በሸራ ይሸፍናል፤ ከጎኑ ጨው የሚቸረችረውን ፋንታሁንን «አደራህን፣ ዓይንህን ጣል አድርግልኝ» ብሎ ይነሣል። ጋውኑን በብብቱ ሸጉጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል። ፋንታሁን ጎረቤቱ የሆስፒታል አንሶላና መጋረጃ የሚሰፋ ይመስለዋል። «የመንግሥት ሥራ ጣፈጠህ!» እያለ ይቀልድበታል። አንዳርጋቸው ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጋውኑ ጤነኛ ነው። የምትቀድደው ራሷ እታገኘሁ ናት። መጥረጊያና ባልዲ ከምታስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ሰቅላ ታኖረዋለች፤ የሰው ነፍስ አፋፍ ላይ ስትደርስና ደም ሲጠፋ ስፌቱን በጥርሷ ትተረትርና ወደ አራዳ ትሮጣለች። አንዳርጋቸው የሚጠራው ለእጁ ሳይሆን ለደሙ ነው።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት እንዲህ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «አንተ ልብስ ሰፊ! ደምህን ይፈልጉታል!» ብላ ጮኸች። የበረንዳው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አንዳርጋቸው የሚገባበት ጠፍቶት፣ የወደቀ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው ከመኪናው ሥር ተጎነበሰ፤ መርፌውም አልወደቀ፣ እሱም ቶሎ ቀና አላለ። እታገኘሁ ምላሷ ስለታም ነው እንጂ ሆዷ ቡቡ ነው። አዘነችለት። በሚቀጥለው ጊዜ ጋውን ይዛ መጣች።

ለወትሮውም ሰው ሲያየው ይጨንቀዋል። የኮሶዬ ልጅ ነው፤ ጉም ከገደሉ ተነሥቶ ደጁን ሲውጠው የጎረቤት ድምፁ እንጂ መልኩ በማይታይበት አገር ነው ያደገው። በጉርምስናው ጎንደር ገብቶ ከአጎቱ ዘንድ ተጠግቶ ስፌት ለመደ። «የአንዳርጋቸው አንደበቱ መርፌው ነው» ይሉታል። ዋጋ እንኳ ሲጠይቁት «እስቲ እንደታያችሁ» ብሎ ወደ ክሩ ይመለሳል። ደግነቱ ሚስቱ አማረች የእንፍራንዝ ሴት ናት፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ለሁለት የምትናገር። እሱ ዝም ሲል እሷ ታወራለች፤ እሷ ስትደክም ሁለቱም ዝም ይላሉ። ትዳራቸው በዚህ ሸጋ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ትዳር ግን አንድ ጊዜ ሊያልቅ ነበር። አማረች የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴቲቱን ልጅ ስትወልድ፣ ደሙ አልቆም አላት። ሆስፒታል አደረሷት። አንዳርጋቸው እጅጌውን ሰብስቦ አንድ ጠርሙስ ሰጠ። አልበቃም። ሁለተኛ ከእኔ ቅዱ ብሎ ለመነ። የደሙን ክፍል የያዘችው ነርስ፣ ሲስተር ሸዋአየሁ፣ «ካንተ ከደገምንማ ሁለት አስከሬን ልናወጣ ነው» ብላ ገፋችው። እሱም ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳውን ያይ ጀመር።

አጠገቡ ጉንጩ ያበጠ፣ ፊቱን በፎጣ ያሰረ ሰው ጥርሱን ሊነቀል ተራ ይጠብቅ ነበር። ነርሷ በኮሪደሩ እየተመላለሰች «ደም የሚሰጥ የለም? አንዲት አራስ ልታመልጠን ነው!» ስትል ሰማ። በታሰረው አፉ አንድ ነገር ብሎ ተነሣና እጅጌውን እየሰበሰበ ተከተላት። ሲመለስ አቅሙ ደከም ብሎት ነበር፤ ጥርሱንም ሳይነቀል ወጥቶ ሄደ። አንዳርጋቸው መልኩን አላየም። ያየው ዓይኖቹንና የፎጣውን ቋጠሮ ብቻ ነው።

አማረች ተረፈች። አንዳርጋቸው ሰውየውን ገበያ ለገበያ ፈለገው። ጉንጩ ያበጠ ሰው ሁሉ እሱ እየመሰለው ልቡ ይደነግጣል። ቢቸግረው ወደ ሲስተር ሸዋአየሁ ተመለሰ።

«ሲስተር፣ ሰውየውን የት ባገኘው ይሻላል? የማመሰግንበት ቢጠፋኝ ነው።»

«አታገኘውም» አለችው። «ነገ አንዱ ሚስቱን ተሸክሞ ይመጣል። እሱም ጥርሱን ያሰረውን ሰው አያገኘውም። አንተን ግን ያገኝሃል፤ ቤትህ ቅርብ ነው። ደምህ እንደሁ አይመርጥም፤ ለሁሉም የሚሆን ነው።»

በዚያው ስሙን አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ሲጠሩት ይሄዳል፤ ቶሎ ከተመላለሰ ሲስተር ሸዋአየሁ ትቆጣዋለች። ከአማረች በቀር ለማንም አልነገረም። ቢነግራቸው «የወጣ ደም አይተካም፤ ምን ሆንህ?» ብለው ይከቡታል፤ ወይም ያመሰግኑታል። ምስጋናው ነበር የበለጠ የሚያስፈራው። አማረች ግን ቤት ውስጥ ትጫወትበታለች። ጥርሷን ባመማት ቁጥር ጉንጯን ይዛ «ያ ሰውዬ ነው! ደሙን ከነበሽታው ነው የሰጠኝ!» ትላለች። እሱም እየሳቀ ቅርንፉድ ይፈልግላታል።

እንዲህ ሲኖሩ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት መጣ። በሰሜን ያለው ጦርነት ቁስለኛ ያወርዳል፤ ወላዱም አደጋ የደረሰበትም እዚያው ይተኛል፤ የደሙ ማቀዝቀዣ ባዶውን ይውላል። አዲስ የተመደበ አንድ ወጣት ሐኪም፣ ቅን ልጅ ነው፣ ሰው እጁ ላይ ሲያልቅበት እንቅልፍ አጣ። «ሰዉ እንዲመዘገብ የሚያባብለው ነገር ያስፈልጋል» አለ። ከቀበሌ ኮሚቴዎች ጋር ተቀምጦም መከረ። ደም ለመስጠት ተመዝግቦ ለሰጠ ሰው፣ በቀበሌ የራሽን ካርዱ ከሚደርሰው ሌላ፣ አንድ ኪሎ ስኳርና ሳሙና እንዲሰጠው ተወሰነ።

ስኳር ያን ጊዜ ስኳር ብቻ አልነበረም። ሰው ከረሜላ በጉንጩ ይዞ መራራ ሻይ የሚጠጣበት ዘመን ነው። ድምፅ ማጉያ የተጫነባት መኪና «ደም ለግሱ! ለወገን ደራሽ ወገን ነው! ስኳርም ውሰዱ!» እያለች ከተማውን ስትዞር ሰው ወደ ሆስፒታሉ ጎረፈ። ሲስተር ሸዋአየሁ ሳሉን አፍኖ የተሰለፈውን ታወጣለች፣ ትናንት ሰጥቶ ዛሬ ኮፍያ ለውጦ የመጣውን ታባርራለች። አንዱማ «ስኳሩን ዛሬ ልውሰድና ደሙን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ» አላት። ሳቀች፤ ሲሄድ ግን በረጅሙ ተነፈሰች።

የቀበሌው ሱቅ ጸሐፊ ደግሞ አድልዎ እንዳይባል ብሎ የሰጪዎቹን ስም በትልቁ ጽፎ በሱቁ በር ለጠፈው። የጥንቶቹ እንዳይቀሩም ከሆስፒታሉ መዝገብ ገለበጣቸው። ከሁሉ በላይ፣ ብዙ ጊዜ የሰጠ ስለሆነ፣ አንዳርጋቸው ተጻፈ። ሳሙና ፍለጋ በተሰለፈበት ስሙን ሰማ። «ጓድ አንዳርጋቸው! ወደ ፊት!» ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ጸሐፊው የታሸገ ስኳር በእጁ አስያዘው። አልፈልግም ለማለት ቃል ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ሰው እያየው ደግሞ አንዳርጋቸው ቃል የለውም። ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

አማረች ሻይ ጥዳ ጠበቀችው። ከስኳሩ በማንኪያ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ወደ አፏ አቀረበች፤ መልሳም አስቀመጠችው።

«አልወርድ አለኝ አንዳርጌ። ያንተን የጠጣሁ መሰለኝ።»

«ይቅርብሽ አማሩዬ።»

«ያ ጥርሱን ያሰረው ሰውዬ ስኳር ተቀብሎ ቢሆን እኮ» አለች፣ ልትስቅ ብላ ሳቋ ሳይዘልቅ፣ «እኔ ይኼኔ የአንድ ኪሎ ሴት ነበርሁ።»

ስኳሩን በጨርቅ ቋጥራ ከልብስ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈችበት።

ሰዉ ግን ሣጥኑን አያይም፤ የሚያየው በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። ከስሙ ጎን ደግሞ የሰጠበት ጊዜ ሁሉ ተደርድሯል፤ ስኳር የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት የነበረው ሳይቀር። ለዓመታት ሸሽጎ ያደረገው ነገር በአንድ ጠዋት ሲገለጥ ሰው ምን ይበል? የሚሸሸግ ነገር ነውር ነው። እንግዲያማ ሲሸጥ ኖሯል አሉ። በድብቅ፣ ለሆስፒታል ሰዎች፣ ደሙን።

ከሁሉ የከፋው ፋንታሁን ነበር፤ መኪናውን በቅንነት ሲጠብቅለት የኖረ ሰው ነውና ተታለልሁ ብሎ ልቡ ቆሰለ።

«እኔ እኮ አንሶላ ይሰፋል ብዬ!» አለው በረንዳው ሙሉ ሰው እየሰማ። «ይሁዳ እንኳ ብር ነው የተቀበለ። አንተ በስኳር?»

አንዳርጋቸው የመኪናውን ጎማ አዞረ። ክሩ ተበጠሰ። ቀጠለው። እንደገና ተበጠሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አያ አንዳርጋቸው፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ወጣህ?» የሚለው ሰው በዛ። አንዲት ሴት ያስለካችውን አቡጀዲ መልሳ ወሰደች።

ይህስ ባልከፋ። የሚያንገበግበው የማኅበሩ ነገር ነው። አንዳርጋቸውና ፋንታሁን የአንድ ሚካኤል ማኅበርተኞች ናቸው፤ በየወሩ በዐሥራ ሁለት በተራ ከየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ አባ ኃይለ ማርያም፣ የነፍስ አባታቸው፣ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጽዋው ከደጋሹ እጅ ወደ ተረኛው እጅ ያልፋል። ዋናው በዓል፣ የኅዳር ሚካኤል፣ የዚያን ዓመት የአንዳርጋቸው ተራ ነበር። «ደሙን የሸጠ ሰው ጽዋ ይይዛል?» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ተራው ጽዋ ከዘለለው፣ ነገሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

እታገኘሁ ጋውኑን ይዛ ስትመጣ ሳይነካው መለሰላት።

«ሌላ ሰው ይስፋው።»

«ሌላ ሰው የት አለ፣ አያ?»

«ስኳር አለ አይደል!»

በዕድሜው እንዲህ ያለ መራራ ቃል ተናግሮ አያውቅም። እታገኘሁም መልስ አላጣችም ነበር፤ ግን ፊቱን አየችና ዋጠችው። ጋውኑን እንደተቀደደ አጥፋ ሄደች። ከዚያም አልተመለሰች። አንዳርጋቸው የነጭ ጨርቅ ብልጭታ ባየ ቁጥር ቀና ይላል፤ ሌላ ሰው ሆኖ ሲያገኘው ይተነፍሳል፤ ተገላገልሁ ብሎ ይሁን ከፍቶት እሱም አያውቅም።

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲጋመስ ስኳር የሚያመጣው የጭነት መኪና ቀረ። የሱቁ ጸሐፊ ከስሞቹ ላይ «ስኳር የለም» ብሎ ጻፈበት። የሆስፒታሉ ሰልፍ እንደ ኮሶዬ ጉም ነው የተገፈፈው፤ ፀሐይ ወጣ፣ ማንም የለም። የተመዘገቡትን ሰዎች እታገኘሁ በየቤታቸው እየዞረች ስታንኳኳ «ስኳሩ ሲመጣ ጥሪን» አሏት። በነጻ ይሰጡ የነበሩት ጥቂቶቹም፣ እንደ አንዳርጋቸው ስማቸው ከበሩ ላይ የተለጠፈው፣ አፍረው ተቀምጠዋል።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አማረች ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ጋግራ፣ ቤቱን አጎዝጉዛ ጠበቀች። አንዳርጋቸው በር በሩን ያያል። ይመጡ ይሆን? ዘግይተው መጡ። ፋንታሁንም መጣ፤ ከበሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚመች ቦታ ተቀመጠ። ጨዋታ የለም። አባ ኃይለ ማርያም ዳዊታቸውን አጥፈው ለጸሎት ሊነሡ ሲሉ፣ እታገኘሁ ጋውኑን በእጇ እንደያዘች እያለከለከች ከደጅ ደረሰች።

«አያ አንዳርጋቸው...» አለች። የማኅበርተኛውን ፊት ስታይ ቃሉ ጠፋባት። «ይቺ ጉደኛ...»

አልቻለችም። አለቀሰች። «ከትክል ድንጋይ ነው ያመጧት። ከመኪናው መንገድ እስኪደርሱ በቃሬዛ ነው። ልጁ መንገድ ላይ አልፏል፤ እሷም ልትከተለው ነው። የባሏ ደም አልሆናትም አሉ። አንኳኩቼ ያላየሁት ደጅ የለም።»

አንዳርጋቸው አልተነሣም። ደም የፈሰሰው ሰው ያን ዕለት መቅደስ አይገባም፣ አይቆርብም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ማኅበርተኛው ደግሞ ሥርዓቱን እስከ ጽዋው ስቦት ኖሯል። ዛሬ ከሄደ ተራውን በገዛ እጁ አጣ። ሐሜቱንም እውነት አደረገው። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ መሬቱን ያያል።

«ስኳር መጣ እንዴ?» አለ ፋንታሁን ከበሩ አጠገብ።

«ስኳርማ ከጠፋ ከረመ!» አለች እታገኘሁ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ስኳር ቢኖር አንተ ትቀድመው ነበር!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ፋንታሁን አልሳቀም። «ታዲያ በምን ዋጋ ሊሰጥ ነው የመጣሽበት?» አለ፤ ስድብ አልነበረም፣ ከልቡ ነው የጠየቀው።

አማረች ከጓዳ ወጣች። ከእታገኘሁ እጅ ጋውኑን ተቀበለች፤ ከግራ ብብቱ ሥር የተቀደደውን ገልጣ አየችው። ባሏ የጠቀመበት ክር እላይ በላይ ተደራርቦ እንደ ጠባሳ ጠጥሯል። ወስዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ትቸኩላለች» አለችው በቀስታ።

አንዳርጋቸው ቀና አለ። በማኅበር መካከል ሲናገር ሰምተውት አያውቁም፤ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ።

«ፋንታሁን፣ ጋውኑ ጤነኛ ነበር። ያታለልሁህ በእሱ ብቻ ነው። ሳፍር ነው እንጂ... ደሜን ሸጬ አላውቅም። ይቺ» አለ ወደ አማረች እየጠቆመ፣ «ይቺ በሰው ደም ነው ያለችው። ሰውየውን ፈልጌ አጣሁት።» ሌላ ሊል ፈለገና አለቀበት። ወደ አባ ኃይለ ማርያም ዞረ። «አባቴ፣ ጽዋውስ?»

ሽማግሌው ቄስ ጢማቸውን ዳበሱ። «ቁርባን ቁርባን ነው፤ የማኅበር ጽዋ ሌላ ነው። ማን አንድ አደረጋቸው? ይህንስ ሳላስተምራችሁ ኖሬ እንደሆን ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያም ጽዋውን ከነመሸፈኛው አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። «እስክትመለስ እይዝልሃለሁ፤ ማንም አይወስድብህም። እጄ ግን ይንቀጠቀጣልና ቶሎ ና ልጄ።»

ሄደ። ግድግዳ ግድግዳውን ሳይሆን በመንገዱ መሐል ነው የሄደው፤ እታገኘሁ ልትደርስበት ትሮጥ ነበር።

ሲስተር ሸዋአየሁ ስታየው አልጋውን በመዳፏ ደለደለችለት። ጠርሙሱ ሲሞላ ከበሩ ውጭ አንድ ጋቢ የለበሰ፣ ዱላውን የተመረኮዘ ሰው ቆሞ አየ። የወላዷ ባል ነው። አንዳርጋቸው ሲነሣ ሰውየው የጋቢውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሱ ይፈታ ጀመር።

«ምነው፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ያለኝ ይቺው ናት አያ። ውሰዷት። ካነሰች ጥጃ አለኝ።»

አንዳርጋቸው የሰውየውን እጅ ይዞ ቋጠሮውን መልሶ አጠበቀው፤ የስፌት ሰው ነውና በደንብ አጠበቀው።

«ስምዎትን እንኳ ይንገሩኝ» አለ ሰውየው።

«ለኔም ስሙን አልነገሩኝ» አለው አንዳርጋቸው። ሰውየው አልገባውም፤ ግን እጁን አልለቀቀውም።

ሲስተር ሸዋአየሁ ከውስጥ ወጥታ «አንድ ጠርሙስ ይቀረናል» አለች። አንዳርጋቸው ያን ግድግዳ፣ ያን ኮሪደር ተመለከተ። እንደገና ያው ቦታ ነው። ያን ጊዜ ከኮሪደሩ ጫፍ የእግር ኮቴ ተሰማ። ፋንታሁን ነበር፤ ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«እኔ» አለ፣ «መርፌ አልወድም።»

«ማንስ ይወዳል?» አለች ሲስተር ሸዋአየሁ፣ ክንዱን ይዛ እያስገባችው።

ሲመረመር ደሙ ለሴትዮዋ የሚሆን ሆነ። መርፌውን ሲያይ ዓይኑ ተገለበጠና አልጋው ላይ ተዘረጋ። እታገኘሁ ውሃ እየረጨችው «አየ ጉድ! የጨው ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው በመርፌ ይውደቅ!» ትላለች። ዓይኑን ሲገልጥ ያገኘው አንዳርጋቸውን ነው፤ እጁን ይዞት ነበር።

«አለቀ?»

«ገና አልጀመሩም።»

«ወይ አምላኬ» አለ ፋንታሁን፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ክንዱን ግን አልሰበሰበም።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ወደ ታች ዘንበል ብላለች። ከማኅበርተኛው አንድም ሰው አልሄደም፤ ዳቦው አልተቆረሰም፤ አባ ኃይለ ማርያም ጽዋውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ተቀምጠዋል። አንዳርጋቸው ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። ከእሱ ቀጥሎ ተረኛው ፋንታሁን ነበር። ጽዋውን ሲያቀብለው ሁለቱም ክንዳቸው ላይ ጥጥ እንደታሰረ ነበር።

ሰዉ ሲበተን አማረች ሣጥኗን ከፈተች። ያን በጨርቅ የተቋጠረ ስኳር አውጥታ ለሁለቱም ሻይ አፈላችላቸው፤ አብዝታ ጨመረችበት። «ደም የሰጠ ሰው ጣፋጭ ይጠጣ ብላለች ሲስተር» አለች። ለራሷም ቀዳች። አንዳርጋቸው ሰርቆ ያያት ነበር። አቀረበችው፤ ጠጣችው፤ ወረደላት።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ሸጋ ነው» አለችው። «ጥርሴን ግን ነካው። ያ ሰውዬ ስኳር አይወድም መሰል።»

የትክል ድንጋይዋ ሴት ተረፈች። ልጇን አልቅሳ፣ በእግሯ ቆማ፣ በባሏ ትከሻ ተደግፋ ወደ አገሯ ገባች። ስኳሩም ከጊዜ በኋላ ተመልሶ መጣ። ሲስተር ሸዋአየሁ ግን ወጣቱን ሐኪም ለምና በየቤቱ የሚወሰደውን አስቀረችው፤ ከደሙ ክፍል ማንቆርቆሪያ ተጣደ፤ ከአልጋው የተነሣ ሁሉ አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ እዚያው ጠጥቶ ይሄዳል። በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም ዝናብ አጠበው።

አንድ ጠዋት እታገኘሁ ወደ አራዳ ወጣች። አንዳርጋቸው ነጩን ጨርቅ ገና ከሩቅ አይቶ ሱሪውን ማጠፍ ጀመረ። እሷ ግን አልፋው ሄዳ ጋውኑን ከጨው ጆንያው ላይ ጣለችው።

«አያ ፋንታሁን፣ ይቺ ጉደኛ ደግሞ ተቀደደችብኝ።»

ፋንታሁን ጋውኑን አየ፤ እጁን አየ፤ ጎረቤቱን አየ። «እኔ መስፋት የት አውቃለሁና!»

አንዳርጋቸው እጁን ዘርግቶ ጋውኑን ከጆንያው ላይ አነሣው። ነጭ ክር መርጦ በመርፌው ቀዳዳ አሾለከ።

«አንተ ሂድ» አለው ቀና ሳይል። «እስክትመለስ እጠቅመዋለሁ። ጨውህንም አያለሁ።»